ልጄን ያስጾምኩባቸው ስድስት ወራት

ደብረ ታቦር ውስጥ ጸጉር ቤት የከፈተች ሴት ወሬ አይቸግራትም። ሴቶች ካስክ ስር ሲቀመጡ የማሽኑ ድምፅ ስለሚበልጣቸው ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ባል የት እንደሚያመሽ፣ የትኛዋ ሴት «ያ በሽታ» እንዳለባት ሳልጠይቅ እሰማለሁ። ዛሬ ወሬው የራሴ ነው። ስሜን አልጽፈውም፤ አፍሬ ሳይሆን ልጄ አድጋ ማን ይወቅ ማን አይወቅ የሚለውን ራሷ እንድትወስን ስለምፈልግ ነው። የሌሎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ። የምነግራችሁ ግን ስለ ደሜ ብቻ አይደለም፤ ልጄን ከእሱ ለማትረፍ ስለሄድኩበት መንገድ ነው፣ ብልጥ ነኝ ብዬ ራሴ ስለገባሁበት ወጥመድም ጭምር። ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ሆነሽ የምታነቢው ካለሽ፣ ከሁሉ በፊት ላንቺ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረኝ በጎኔ ነው። ከጡቴ ስር ተነሥቶ ወደ ጀርባዬ የሚዞር ሽፍታ ወጣብኝ። ያቃጥላል፣ ይወጋል፤ ቀሚሴ ሲነካው እንኳ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ጎረቤቴ አየችና ምች ነው አለች፤ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ። ደግ ሴት ናት፤ እያቃጠለኝም አመሰገንኳት። አልሻል ሲለኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ወሰዱና ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ አሉኝ። እኛ አገር ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ከሁለቱ አንዱን ሳይዝ ሲወጣ አይቼ አላውቅም፤ እኔ ሁለቱንም አገኘሁ። መርፌውን ተወጋሁ፣ ኪኒኑን ጨረስኩ፣ አዲስ ካስክ ልገዛበት ያጠራቀምኩት ገንዘብም እዚያው ቀረ። ሽፍታው በራሱ ጊዜ ደረቀ፤ ውጋቱ ግን አለቀቀኝም።

ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ያገኘሁት ሐኪም ጠባሳውን አይቶ አልማዝ ባለጭራ ነው አለኝ። የነርቭን መስመር ተከትሎ የሚወጣ በሽታ ነው፤ ማንንም ሊይዝ ይችላል፣ ግን በወጣት ላይ ሲወጣ አንዳንዴ የሰውነት መከላከያ መድከሙን ያሳያል። የኤች አይ ቪ ምርመራ ባደርግ ጥሩ እንደሆነ መከረኝ። ምን አይቶብኝ ነው ብዬ ተቀይሜው ወጣሁ።

ከዚያ አረገዝኩ። ከባለቤቴ ከጌታሁን ጋር ከተጋባን ጀምሮ ስንጠብቀው የነበረ ነውና ደስታው ሽፍታውንም ሐኪሙንም አስረሳኝ። የነፍሰ ጡር ክትትል ለመጀመር ስሄድ ሹሩባዬን ተሠርቼ፣ አዲስ ነጠላ ለብሼ ነበር። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አንዷ ከጋፋት በኩል በእግሯ የመጣች ናት፤ እግሯ አብጦባት ጫማዋን አውልቃለች። ከጎኔ ያለችው ከቤቷ የያዘችውን ቆሎ ለሁላችንም ታድላለች። ሁላችንም ደም ሰጠን፤ ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር የሚደረግ ምርመራ ነው። ስም እየተጠራ ሌሎቹ ገብተው ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ባለ ቆሎዋ ልትሄድ ስትነሣ የተረፋትን በእጄ ላይ አራገፈችልኝ። ውጤቴን የሰማሁት ያን ቆሎ እንደጨበጥኩ ነው።

ነርሷን ሲስተር ብርቱካን ልበላት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንደተገኘ ነገረችኝና አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«መድኃኒቱን ዛሬ እንጀምራለን። ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ ይዳከማል፣ ወደ ልጅሽ የማለፍ ዕድሉም በጣም ያንሳል። አንቺም ትኖሪያለሽ። ሥራው ግን የሁለታችን ነው።»

እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት የፈራሁት ሞትን አይደለም። ካስክ ስር የሚወራውን ነው። ከእንግዲህ ጭንቅላቱን አምኖ የሚሰጠኝ ሰው ማን ነው እያልኩ ሳስብ በሩ ተከፈተና ሙሉ ገባች። ሙሉ ጸጉር ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ ደንበኛዬ ናት፤ አናቷ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ እንኳ በጣቴ አውቃታለሁ። አለቀልኝ ብዬ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሷ ግን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና እዚያ እንደምትሠራ ነገረችኝ። አስተማሪ እናት ይሏታል፤ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ፣ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነፃ ልጆች የወለዱና ሌሎችን እንዲደግፉ የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ጸጉሯን ስሠራ ምንም አላወቅኩም ነበር። ነጠላውን ከፊቴ ላይ ገፈፍኩት። ያን ቀን ካገኘሁት ሁሉ መድኃኒት እሷ ትበልጥብኛለች።

ለጌታሁን የነገርነው ሲስተር ባለችበት ነው። ተመረመረ፤ ነፃ ነው። ከጌታሁን በፊት ነፋስ መውጫ ውስጥ ትዳር ነበረኝ፤ ያ ባሌ ሳንባ ነው ተብሎ ሞተ። ከእሱ ይዞኝ ይሆናል፤ በእርግጠኝነት አላውቅም፣ ለማወቅ መድከሜንም ትቻለሁ። ጌታሁን የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ያን ሰሞን ጭራሹን አፉ ተለጎመ። ወረታ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ሰነበተ። እንደተወኝ ቆጥሬ ልብሴን በሻንጣ ከትቼ ነበር። አንድ ቀን ሩዝ በማዳበሪያ ተሸክሞ ገባና ስለ ሩዙ ንጣት ብዙ አወራ። ስለ ሌላው ነገር ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ቀጠሮሽ መቼ ነው አለኝ። በቀጠሮዬ ቀን አብሮኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወንድ እሱ ብቻ ነበር።

ሲስተር ብርቱካንን የወደድኳት በአንድ ነገር ነው፤ ትእዛዝ ከመስጠቷ በፊት ኑሮዬን ትጠይቀኛለች። መድኃኒቱ በቀን አንድ ኪኒን ነው። በስንት ሰዓት ትውጪዋለሽ ከማለቷ በፊት ትጾሚያለሽ ወይ አለችኝ። ስጾም እስከ ከሰዓት እንደምቆይ ስነግራት፣ በጾምም በፍስክም የማይለወጥ ሰዓት እንፈልግ ብላ ከእራት በኋላ አደረገችልኝ። የእርግዝና ክትትሉም የመድኃኒቱም ቀጠሮ በአንድ ቀንና በአንድ ክፍል ነበር፤ ኮሪደር ለኮሪደር እየተንከራተትኩ ፊቴን ለሰው ማሳየት አላስፈለገኝም። መድኃኒቱም በነፃ ነው። ወራት አለፉና የቫይረሱ መጠን ሲመረመር መሣሪያው ሊቆጥረው እስከማይችል ድረስ ቀንሶ ነበር። ሙሉ ጸጉር ቤት መጥታ ሰው መሃል ማውራት ስለማንችል በዓይን ብቻ ተሳሳቅን።

የመጀመሪያ ልጄ ስለሆነች አራስነቴን እናቴ ቤት ነበር የማሳልፈው። እናቴ የምትኖረው ገሳይ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ጌታሁን ለሥራ ራቅ ብሎ ስለሚሄድ ደብረ ታቦር ልሁን ብልም የሚያስታምመኝ አልነበረም። ሲስተር አትሂጂ አላለችኝም። መንገዱ አንዳንድ ቀን ስለሚዘጋ ለእኔ የሦስት ወር መድኃኒት ሰጠችኝ፤ ገሳይ ጤና ጣቢያ ላሉት ባልደረቦቿም ደወለችልኝ። ሕፃኗ ከተወለደች ጀምሮ በየቀኑ የምትወስደው ሽሮፕ አለ፤ በወሊድና በጡት ሊያልፍ የሚችለውን ቫይረስ የሚከላከል። የሚሰጠው መርፌ በሌለው ስሪንጅ ነው። መጠኑን እንዳልሳሳት ሙሉ ከጸጉር ቤቴ ቀይ የጥፍር ቀለም አምጥታ ስሪንጁ ላይ መስመር አሰመረችልኝ፤ እስከ ቀዩ ብቻ አለችኝ። ከሁሉ በላይ አጥብቀው የነገሩኝ ግን ስድስት ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳላቀምሳት ነው። ሌላ ምግብ ከጡት ጋር ሲቀላቀል የጨቅላውን አንጀት ይጎዳዋል፣ በዚያ በኩል ቫይረሱ መግቢያ ያገኛል። ውሃም ቢሆን፣ ቅቤም ቢሆን አሉኝ። ቅቤ ሲሉኝ እናቴ ትዝ አለችኝ።

እናቴን ማወቅ አለባችሁ። ከእኛ አካባቢ እንደሷ የሚጾም የለም። ረቡዕና ዓርብን፣ የሐዋርያትን፣ የነቢያትን፣ የጽጌን ሳይቀር ትጾማለች። በጾም ሰዓት ወጥ ስትሠራ አትቀምስም፤ ጨው ሁለት ጊዜ የገባበትና ጭራሽ ያልገባበት ወጥ በልተን ነው ያደግነው። እወዳታለሁ፣ እፈራታለሁም። ሕመሜን ከእሷ መደበቄ እንዳትጠላኝ ከመፍራት ብቻ አልነበረም፤ ሐዘኗን ማየት ስለማልችል ነው።

ልጄን በሰላም ደብረ ታቦር ወለድኳት። ሽሮፑን እዚያው አስጀመሩልንና በሚኒባስ ገሳይ ገባን። እናቴ እልል ብላ ተቀበለችን። አልጋው ላይ ካስተካከለችኝ በኋላ በቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አወጣች። አዲስ የተወለደ ልጅ ለጋ ቅቤ ይውጣል፤ አንጀቱን ያለሰልስለታል ይባላል። እኔም ውጫለሁ፣ እሷም ውጣለች። ጣቷን ነክራ ወደ ልጄ ከንፈር ስትጠጋ አፌ ያመጣልኝን ተናገርኩ።

«እማየ፣ ጾም ናት።»

ጣቷ ባለበት ቀረ። «ማን?»

«ልጅቷ። ስድስት ወር ከእናቷ ጡት በቀር ምንም አትቀምስም። የሐኪም ሕግ ነው፤ ለሁሉም ሕፃን ነው።»

ለሁሉም ሕፃን መሆኑ እውነት ነው፤ ጾም የምትለዋን ብቻ ነው እኔ የጨመርኩት። እናቴ ቅቤውን አየች፣ ልጄን አየች።

«ውሃም?»

«ውሃም።»

«ስድስት ወር ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ? ልጀ ከባሕታዊ ልትበልጥ ነው» አለችና ጣቷ ላይ ያለውን ቅቤ እኔ አናት ላይ ጠረገችው። ጸጉር ሠሪ ነኝና ሌላ ጊዜ ቢሆን እጣላት ነበር። ያን ቀን ግን አናቴን እንደ ዳቦ ብትለውሰውም ግድ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ የልጄን አፍ የሚጠብቅ ሰው አላጣሁም። አራስ ጠያቂ የሚመጣው ገንፎውን፣ አጥሚቱን፣ የአብሽ ውሃውን ይዞ ነው፤ ሁሉም ለሕፃኗም ትንሽ ጠብ ማድረግ ይፈልጋል። እናቴ ራስጌዬ ተቀምጣ ትመልሳቸዋለች። የአጎቴ ሚስት ጤና አዳም የተነከረበት ውሃ በጥጥ ልታጠባት ስትል እጅሽን ሰብስቢ፣ ጾመኛ ናት ብላት ሴትዮዋ ተቀይማ ሄደች። የትኛውም ነርስ እንደዚያ አድርጎ ሊጠብቅልኝ አይችልም ነበር። ለሙሉ በስልክ እየነገርኳት በራሴ ብልጠት ስስቅ ከረምኩ።

ሽሮፑን የምሰጣት ተደብቄ፣ ጡት የማጠባ መስዬ ከነጠላዬ ስር ነበር። የራሴን ኪኒን ጠርሙስ እንዳይንሿሿብኝ ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ። አንድ ቀን እናቴ ከውጭ ስትገባ አልሰማኋትም። ነጠላውን ብድግ ስታደርገው ስሪንጁ ልጄ አፍ ውስጥ ነው፤ ገና መግፋት አልጀመርኩም።

«ምንድን ነው የምታቀምሻት?»

ቫይታሚን ነው አልኳት። ጾሙስ አለችኝ። መድኃኒት ጾም አይገድፍም ብዬ መለስኩ፤ ያረካት መስሎኝ ነበር።

«ለታመመ ነው የማይገድፈው» አለች። «ልጅቱ ታማለች እንዴ?»

አልታመመችም ካልኳት ሽሮፑ ቀረ። ታማለች ካልኳት ደግሞ ውሸት ነው፤ እንዲያውም እንዳይሆን ቀን ከሌት የምለምነው ነገር ነው። የቱን ልበል ስል ስሪንጁንም ብልቃጡንም ከእጄ ወስዳ፣ ስትታመም እሰጥሻለሁ ብላ ወጣች። የሠራሁት ብልጠት ዞሮ እኔኑ ያዘኝ።

ልጄ ተኝታለች። ሽሮፑን መውሰጃዋ ሰዓት እያለፈ ነው። ጡቴ አብጦ ወተቱ ልብሴን አርሶታል፤ ጡቴን ራሱን ፈራሁት። ስልክ ወደሚይዝበት የበሩ ጥግ ሄጄ ለሙሉ ደወልኩ፤ ቃል ሳይወጣኝ አለቀስኩ፣ ከዚያ የሆነውን ነገርኳት። ሙሉ አላባበለችኝም።

«ጾሙን ያወጅሽው አንቺ ነሽ፤ እናትሽን አንቺው አስረጃት። ሽሮፑ ዛሬ ሳይመሽ ይሰጣት፤ ቢዘገይም ይሰጣት» አለችኝ።

እናቴ ጓዳ ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። አራስ መሬት ላይ አይቀመጥም ብላ ልታስነሣኝ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ልጅቷ አልታመመችም። የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኳት፤ ከዚያም ስሙን ጠራሁላት።

እጇን ከእጄ አወጣችና ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ልጣጩ ካለቀ በኋላም ላጠችው፤ ሥጋውን እየላጠች የለውዝ ፍሬ እስኪያክል አሳነሰችው። እኔ ሁሉንም ነገርኳት፦ ሽፍታውን፣ ክሊኒኩን፣ ጌታሁን ነፃ መሆኑን፣ መድኃኒቱን፣ ልጄ ገና እንዳልተያዘች ተስፋ መኖሩን፣ ሽሮፑ ለምን እንደሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠችኝ።

«በጡትሽ ይገባባታል?»

«እኔ ኪኒኔን፣ እሷ ሽሮፗን ካላቋረጥን መግቢያ ያጣል።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ተነሥታ የገብስ ጎታው ውስጥ እስከ ክንዷ ገባችና ብልቃጡን አወጣችው። ገብስ ለብሶ ነበር፤ በቀሚሷ ጠረገችው። እጇን በሳሙና ታጥባ መጣች፣ ስሪንጁን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀይ ግን ታውቃለች።

«እስከ ቀዩ?»

«እስከ ቀዩ።»

ራሷ አጠጣቻት። ልጄ ምርር ብሏት ስትንፈራገጥ አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ እያለች ጨረሰችላት። ሲመሽ እራቴን አበላችኝና በሩን ዘጋች።

«አንቺስ፣ ዋጥሽ?» አለችኝ።

ጠርሙሱን ከፍራሹ ስር አወጣሁ። ከእጄ ተቀበለችኝ፣ ክዳኑን ከፍታ ጥጡን ጎትታ አወጣችው። ጠርሙሱን አንዴ ነቀነቀችው፤ ኪኒኖቹ ተንሿሹ። «እዚህ ቤት ይንሿሿ» አለች። የዚያን ጊዜ ነው ከልቤ ያለቀስኩት፤ እሷም አለቀሰች።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን ተስተካከለ ብዬ አላታልላችሁም። በነጋታው የጠጣሁበትን ኩባያ በፈላ ውሃ ስታጥብና ለብቻው ስታስቀምጥ አየኋት። ደበቅ አድርጋ ነው፤ ልታስቀይመኝ አልፈለገችም። ግን ተቀየምኩ፣ አጥንቴ ድረስ ገባ። እንዲህ አይተላለፍም ብላት አውቃለሁ ትለኛለች፤ ኩባያው ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

በዚያው ሳምንት ሙሉ አራስ ልትጠይቅ መጣች። አገልግል ይዛ፣ የገንፎ ዱቄት ይዛ፣ እንደማንኛዋም ጠያቂ። ከዱቄቱ ስር ተጨማሪ ሽሮፕ ነበር። እናቴን እንዴት አደሩ እማማ ብላ ጉልበቷን ስማ ተቀመጠች። እኔ ጠጥቼ ያስተረፍኩትን አጥሚት አየችና ይቀዝቅዝ እንዴ ብላ ከኩባያዬ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። እናቴ ልታስቆማት እጇን ዘርግታ መለሰች። ሙሉ አፏን ጠርጋ፣ እኔም እንደሷ ነኝ እማማ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ሦስቱም ነፃ ናቸው አለቻት። ከዚያ ስለ ድንች ዘር አወሩ። ሙሉ ስትሄድ እናቴ ኩባያዬን ከሌሎቹ ጋር አብራ አጠበችው፤ ከዚያ ወዲያ የትኛው የእኔ እንደነበር ራሴም ረሳሁት።

የልጄ የመጀመሪያ ምርመራ የሚደረገው ከአርባ አምስት ቀን ክትባቷ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሴት የወለደች አራስ ልጇ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ ከደጅ አትወጣም። ሕፃኗን ለክትባት አያት ብትወስዳት ያልፋል፤ ለዚያ ምርመራ ግን እኔም አስፈልጋለሁ፣ የራሴም ክትትል ያን ቀን ነው። ሕጉን የምታፈርሰው እናቴ ናት ብዬ በሕልሜም አላስብም ነበር። ጠዋት በጋቢ ጠቅልላ አስነሣችኝ፤ ልጄንም አቀፈች። ለጎረቤት ሐኪም አዟል ብላ ዘጋችው። ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ልጄን ስትፈታታት ከመጠቅለያዋ ውስጥ ቢላዋ ወጣ። አራስና ሕፃን ያለ ብረት ከቤት አይወጡማ። ነርሷ አልሳቀችም። ቢላዋውን በጥንቃቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የልጄን ተረከዝ ወጋ አድርጋ ደሙን በወፍራም ወረቀት ላይ አንጠበጠበች፤ ደርቆ ወደ ባሕር ዳር የሚላክ ነው። ስትጨርስ ልጄን ከነቢላዋዋ መልሳ ጠቀለለቻት።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለፉትን ሌሊቶች አልተርክም። ልጄ ስትስል እነቃለሁ፣ ሳትስልም እነቃለሁ። ስነቃ እናቴም ነቅታ አገኛታለሁ፤ በጨለማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። ሁለታችንም የተኛን እንመስላለን።

አንድ ከሰዓት ሲስተር ብርቱካን ደወለች። ነፃ ናት አለችኝ፣ ግን ጡት እስካለ ጥበቃው አያልቅም። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት፤ እሷም ከሲስተር አፍ እንድትሰማ ፈለግኩ። ሰምታ ስትጨርስ እግዜር ይስጥልኝ አለችና ስልኩን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች።

ክርስትናዋ ሲደርስ ደግሞ እኔ ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ይቆርባል፤ ከጡት ሌላ ምንም ተብያለሁ። ፈራ ተባ እያልኩ እናቴን ጠየቅኳት። «ምን ሁነሻል? ጾም የሚጾመው ለሱ አይደል?» አለችኝ። ሲስተርንም ጠየቅኳት፤ ስቃ ከእናትሽ መልስ ላይ የምጨምረው የለኝም አለችኝ። ልጄ ቆረበች።

ስድስት ወር ሲሞላት እናቴ የልጄን ፋሲካ አደረገች። ገብሱን ራሷ ቆላች፣ አስፈጨች፣ ቀጭን ገንፎ ሠራች፤ መሃሉ ላይ ለጋ ቅቤ ጠብ አደረገች። የተቀየመችውን የአጎቴን ሚስት ሳይቀር ጠራቻት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ያጎረሰቻት ያቺው የአጎቴ ሚስት ናት። ልጄ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ አፏን ለሁለተኛው ከፈተች። እናቴ፣ ልጅቱ ጾሟን ሳትገድፍ ፈታች ብላ ለሁሉም ተናገረች። ከዚያ በኋላም አንጀቷ ስለጠና ጡት ከሌላው ምግብ ጋር እየወሰደች ቆየች፤ እኔም ኪኒኔን አላቋረጥኩም።

የመጨረሻው ምርመራ ጡት ካቆመች በኋላ፣ ዓመት ከመንፈቅ ሲሞላት ነው። ለእሱ እናቴ ከገሳይ ድረስ መጣች። ያ አግዳሚ እንዳለ ነው። ጥጉ ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለች ነፍሰ ጡር ተቀምጣ ነበር። እናቴ ማን ነሽ ምን ሆንሽ ሳትላት ቆሎ በእጇ ሞላችላት። ተጠራን፤ ጌታሁን ልጄን አቅፎ ገባ። ሲስተር ብርቱካን ወረቀቱን አላነበበችልንም፤ ፊቷን አይተን አወቅን። ልጄ ነፃ ናት። ከእንግዲህ ለዚህ ነገር ቀጠሮ የላትም።

ስንወጣ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ያንቺስ ጾም መቼ ነው የሚፈታው?»

«የእኔ አይፈታም እማየ። ዕድሜ ልክ ነው።»

«እንግዲያው እንዳትገድፊ» አለችኝ።

ሌላ ምክር አልሰጠችኝም፤ እኔም ለምታነቡት ከዚህ የተሻለ የለኝም። ተመርመሪ፣ ጀምሪ፣ እንዳትገድፊ። እናትሽም ከምታስቢያት የበረታች ልትሆን ትችላለችና ጊዜው ሲደርስ ንገሪያት። ለሁሉም ሰው ንገሪ አልልሽም፤ እኔም አልነገርኩም። ጸጉር ቤቴ ዛሬም ሞልቶ ይውላል፤ ወሬው ወደዚያ በሽታ ሲዞር ግን ካስኩን አጠፋለሁ፣ የማውቀውን በደንብ አስረዳለሁ፣ ማን እንደነገረኝ ግን አልናገርም።

እናቴ ድሮ ስልክ የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። አሁን በየማታው ከእራት በኋላ ትደውላለች። ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ፤ ዋጥሽ ትለኛለች፣ ዋጥኩ እላታለሁ፣ ትዘጋዋለች። ትናንት ማታ ሥራ በዝቶብኝ ዘግይቼ ገብቼ ገና እራት አልጨረስኩም ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ልጄ ሮጣ ቀደመችኝ። አሁን ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ የሴት አያቷን ጥያቄ በቃሏ ታውቀዋለች። ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ ጥያቄውን እንኳ ሳትጠብቅ «ዋጠች» አለችና ዘጋችው።

ልጄን ውሸታም እንዳላደርጋት ብዬ ከእራቴ ተነሥቼ ዋጥኩ።